የምስጋናና የዱዓ አመላለስ በጎንደር ሙስሊሞች ዘንድ

ጎንደር ላይ «እግዜር ይስጥልኝ» ላለ ሰው «አብሮ ይስጠን» ይባላል። «ጀዛከላሁ ኸይረን» ላለ ሰው «ወኢያከ» ማለትም ከዚሁ አይርቅም፤ የተመረቀው ሰው ምርቃቱን ለመራቂውም ያካፍላል። ድሮ እስላም ቤት ይባል በነበረው አዲስ ዓለም ሰፈር የቤት ቋንቋው አማርኛ ነው፤ እነዚህ የአረብኛ ቃላት ግን ከሰላምታ ጋር አብረው በልጅነት ይለመዳሉ።

የ«ጀዛከላሁ ኸይረን» ፍች «አላህ መልካም ምንዳ ይክፈልህ» ነው። «ጀዛከላህ» ብሎ ማቆም የተለመደ ቢሆንም ጎደሎ ነው፤ ምንዳ ለበጎም ለክፉም ስለሚከፈል ዱዓውን፣ ማለትም ምርቃቱን፣ በጎ የሚያደርገው «ኸይረን» ነው።

መልሱ በሚነገርለት ሰው ይለወጣል። ለወንድ «ወኢያከ»፣ ለሴት «ወኢያኪ»፣ ለብዙ ሰው «ወኢያኩም» ይባላል። አረብኛ እንደ «እርስዎ» ያለ የአክብሮት መደብ ስለሌለው ለሽማግሌና ለሸህ በብዙ ቁጥር መመለስ ያምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለሴትም ለወንድም «ወኢያከ» ሲል ነው። ግዕዝ የተማረ ጎንደሬ ግን አይቸገርም፦ ኪያከ፣ ኪያኪ፣ ኪያክሙ ከነዚህ ጋር በድምፅም በሙያም ይገጥማሉ። ቃሉ «አንተንም» እንጂ «ለአንተም» አይደለም፤ አላህ የሚከፍለው ሰውየውን ነውና።

ሰፋ አድርጎ መመለስ የፈለገ «ወአንተ ፈጀዛከላሁ ኸይረን» ይላል። «ባረከላሁ ፊክ» (አላህ ይባርክህ) ለሚል «ወፊከ ባረከላህ»፣ ለሴት «ወፊኪ ባረከላህ» ነው። ከአረብ አገር የተመለሱ ሰዎች የሚያመጡት «ዐፍወን» ነውር የለበትም፤ ሆኖም «ምንም አይደል» ከማለት ስለማያልፍ ዱዓው ሳይመለስ ይቀራል። «አሚን» ብቻ ማለትም እንዲሁ ነው፤ የተደረገልንን ዱዓ እንቀበልበታለን፣ ለአመስጋኙ ግን የምንመልስለት ነገር የለም። ትክክለኛ ቦታው አንዱ ሲመርቅ ሌሎች መዳፋቸውን ዘርግተው የሚቀበሉበት ነው።

ማስነጠስ ላይ ሥርዓቱ ሦስት ደረጃ አለው። ያነጠሰው «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል፤ የሰማው «የርሐሙከላህ» (አላህ ይዘንልህ)፣ ለሴት «የርሐሙኪላህ» ይላታል፤ ያነጠሰውም «የህዲኩሙላሁ ወዩስሊሑ ባለኩም» ብሎ ይመልሳል፣ አላህ ይምራችሁ፣ ሁኔታችሁንም ያሳምርላችሁ ለማለት። በአማርኛ «ይማርህ» ሲሉት «ያኑርህ» እንደሚል መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ ያነጠሰው አላህን ካላመሰገነ «የርሐሙከላህ» አይባልለትም። አስተማሪ ልጁን ወዲያው ከማረም «ሲያነጥሱ ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል፤ ልጁ «አልሐምዱ ሊላህ» ሲል መልሱ ይከተላል።

በዒድ «ተቀበለላሁ ሚንና ወሚንኩም» (አላህ ከእኛም ከእናንተም ይቀበል) ለሚል ያንኑ መልሶ ማለት ይበቃል።