«ካልተራመደ ስፖርቱ ምን ያደርግለታል?»

ህብለ ሰረሰሩ (በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) የተጎዳ ሰው ስፖርት ጀመረ ሲባል የሚከተለው ጥያቄ ያው ነው፤ «ታዲያ መቼ ይራመዳል?» ነገሩን የሚያበላሸው ይሄ ነው።

«ካልተራመደ ልፋቱ ከንቱ ነው።» በፍጹም! ጉዳቱ ከፊል ከሆነ እርምጃ የሚመለስላቸው አሉ፤ የማይመለስላቸውም ብዙ ናቸው። ግን ከዊልቸር ወደ አልጋ መሻገርን እስቲ አስቡት። አንድ እጅ አልጋው ላይ፣ አንዱ ዊልቸሩ ላይ፤ ጎንበስ ብሎ ክብደትን ወደፊት መጣል፣ ከዚያ መቀመጫን ብድግ አድርጎ ማሻገር። ክንድ ካልጠነከረ ወይ ሰው ይሸከማል፣ ወይ ቆዳው እየተጎተተ ይላጣል፤ ስሜት በሌለበት ቦታ ስለሆነ ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይታወቅም።

«ጎማ መግፋቱ ራሱ ስፖርት ነው፣ ይበቃል።» ይህን የዊልቸር ተጠቃሚዎቹም ይሉታል። ቀኑን ሙሉ መግፋት በብዛት የሚያሠራው የደረትና የትከሻ ፊት ጡንቻዎችን ነው። ትከሻን ወደኋላ የሚይዙት የጀርባ ጡንቻዎች ይሰንፋሉ፣ ትከሻው ወደፊት ይጎብጣል፣ ከዚያ ሕመም ነው። ትከሻው ከታመመ ደግሞ መሄዱም መሻገሩም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የስፖርት ላስቲክ ወደ ደረት መሳብ የመሰሉ እንቅስቃሴዎች የግድ ናቸው፤ ሲገፉም ቶሎ ቶሎ ከመምታት ረዘም አድርጎ መግፋት ይሻላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ህብለ ሰረሰራቸው ለተጎዳ አዋቂዎች የሚለው ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ለ20 ደቂቃ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት 2 ቀን፣ ለሚሠራው ጡንቻ ሁሉ 3 ዙር ማጠንከሪያ ነው። ያን ያህል ብዙ አይደለም።

«የልብ ምቱ ካልፈጠነ አልሠራም ማለት ነው።» ጉዳቱ ወደ አንገት በቀረበ ቁጥር ልብ እንደሌላው ሰው ላይፈጥን ይችላል። የልብ ምት የሚቆጥረውን ሰዓት ትታችሁ ትንፋሹን እዩ፤ ማውራት እየቻለ መዝፈን ካቃተው በደንብ እየሠራ ነው።

«ራስ ምታቱ የድካም ነው፣ ይለፈዋል።» እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ጀምሮ ወደላይ ከሆነ፣ ድንገት ራስን የሚፈልጥ ሕመም፣ የፊት መቅላትና ላብ የደም ግፊት አሻቅቧል ማለት ሊሆን ይችላል። ስፖርቱን አቁሙ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የጠበቀ ልብስና ቀበቶ ፍቱ፣ የገባለት የሽንት ቱቦ (ካቴተር) ካለ ታጥፎ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ መነሻው የሞላ ፊኛ ነው። ቶሎ ካልተሻለው ድንገተኛ ክፍል።

«ዓመት ካለፈው በኋላ ዋጋ የለውም።» ውሸት። የሚሠራ ጡንቻ መቼም ይጠነክራል። የእግር አጥንት ግን ከጊዜ ጋር ስለሚሳሳ፣ በእግሩ ማቆምም ሆነ እግሩን ማፍታታት ከመጀመራችሁ በፊት ፊዚዮቴራፒስት ይየው።