ስለ ሲሲሊ ታይሰን ፀጉር የሚወራው እና እውነቱ

ሐዋሳ ውስጥ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ደንበኞቼ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ የማያት አሜሪካዊቷን ተዋናይት ሲሲሊ ታይሰንን ነው። በተከታታይ ድራማ ላይ የቪዮላ ዴቪስ እናት ሆና የሠራችው። ፎቶዋን እወደዋለሁ፤ አብሮት የሚመጣው ወሬ ግን ሰልችቶኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

"የተወለደችው በ1933 ነው።" አይደለም። በ1924 ሃርለም፣ ኒው ዮርክ ነው የተወለደችው። ለብዙ ዓመታት ዕድሜዋን ቀንሳ ትናገር ስለነበር ነው ስህተቱ የቀረው። በጥር 2021 ስታርፍ 96 ዓመቷ ነበር።

"የታወቀችው የጃዝ ሙዚቀኛው የማይልስ ዴቪስ ሚስት ስለሆነች ነው።" የተጋቡት በ1981 ነው። እሷ በ1973 ለኦስካር ታጭታለች፣ በ1974 ሁለት ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዳለች። በቃ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። "አፍሮ ያደረገችው በሰባዎቹ ፋሽን ስለነበር ነው" ይላሉ። እንዴት ተብሎ! ፋሽኑ ሳይመጣ ነው የቀደመችው። አንድ ድራማ ላይ አፍሪካዊት ሴት ሆና እንድትጫወት ተመረጠች። ፀጉሯ ግን በካውያ የተተኮሰ ነበር፤ እንዲህ ያለች ሴት ፀጉሯን አትተኩስም ብላ አሰበች። ማንንም ሳታስፈቅድ ሃርለም ወንዶች ፀጉር ቤት ገብታ አስቆረጠችውና ወደ ተፈጥሮው እንዲመለስ አሳጠበችው። በ1963 ሲቢኤስ ላይ ከጆርጅ ሲ. ስኮት ጋር በተከታታይ ድራማ ስትሠራም በዚያው ፀጉሯ ቀረበች። ያኔ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁር ሴት በተፈጥሮ ፀጉሯ አትታይም ነበር። ፀጉር ሠሪዎች ደብዳቤ ይጽፉላት ጀመር፤ ደንበኞቻችን እንደ አንቺ ካልሆነ እያሉ እያስቆረጡ ሥራችንን አበላሸሽብን ብለው። እኔም ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ ደብዳቤው ግን ያሳፍረኛል። ደንበኛ የራሷን ፀጉር ስትፈልግ መክፈት ያለብሽ እጅሽን ነው፣ ቅሬታ አይደለም።

"የተፈጥሮ ፀጉር ሥራ የለውም" የሚሉም አሉ። አለው እንጂ! ደረቁን ከሥሩ የሚያበጥሩት ናቸው ነቃቅለው የሚጨርሱት። ውሃና ቅባት አስነክቶ በጣት መክፈት፣ ከዚያ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር መውጣት ነው። ካስክ ውስጥ ገብቶ ከመውጣት የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል።

"ሹሩባን ያመጡት የፊልም ተዋናዮች ናቸው።" ይሄን ሐበሻ ሲለው መስማት ይከብደኛል። በ1979 ቦ ዴሬክ የተባለች ነጭ ተዋናይት ሹሩባ ተሠርታ ፊልም ላይ ስለታየች ፈጠረችው ተባለላት። ሲሲሊ ታይሰን ከእሷ ቀድማ ተሠርታ ታይታለች። እኛ ጋ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባ የሚያስባቸው አለ? እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ፀጉራቸው እንኳን በ2019 ከለንደን ተመልሷል። እናቶቻችን አልባሶ ሲሠሩ ፊልም አይተው አይደለም።

የመጨረሻው ደግሞ "ጠበቅ ካለ ይቆያል፣ ፀጉርም ያሳድጋል" ነው። ሹሩባ ፀጉር አያሳድግም፤ እንዳይሰባበር ነው የሚጠብቀው፣ እሱም በልክ ከተሠራ። ለፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ወረፋው ሲበዛ ሌላ ቦታ ተሠርታ የመጣች ልጅ ነበረች። ግንባሯ ተወጥሮ ቅንድቧን ማንቀሳቀስ ያማታል፣ ጆሮ ግንዷ አካባቢ ደግሞ ነጭ ጫፍ ያለው ሽፍታ ወጥቷል። ፈታሁላት፤ የፊት ፀጉሯ ከሥሩ ተነቅሎ ከእጄ ቀረ። እንዲህ እየተደጋገመ የተነቀለ ፀጉር ጭራሽ ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ ስትሠሪ ካመመሽ እዚያው ተናገሪ፣ ይሉኝታ አያስፈልግም። ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልሰውን ኬሚካል) በተቀባሽ ማግስት አትሠሪ። ከሁለት ወር በላይ አታቆዪው። የልጆችሽን የፊት ፀጉር ደግሞ ሠሪዋ እንዳትስበው አጠገቧ ቆመሽ ጠብቂ።