«ደካማ ኢሚዩኒቲ» ምንድን ነው? አርኤስቪ ስለሚመላለስበት ልጅ

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ስለ አርኤስቪ ሲያስረዳ ሰማሁ። ቫይረሱ ለሁለተኛ ጊዜ የያዘው ልጅ «ኢሚዩኒቲው (በሽታን የመከላከል አቅሙ) ደካማ ነው» አለና ኢሚዩኒቲ ያጠነክራል ያለውን ሽሮፕ መከረ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ነገር ግን እናቶች «ምን ባጎድልበት ነው?» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

አርኤስቪ የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያልያዘው ሕፃን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጤነኛውንም ቢሆን ተመልሶ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 15 ጤነኛ አዋቂዎችን ወስዶ ቫይረሱን በየጊዜው አፍንጫቸው ውስጥ ጨመረባቸው። ሁሉም ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ተይዘው የዳኑ ነበሩ። ያም ሆኖ በሁለት ወር ውስጥ ግማሽ ያህሉ እንደገና ተያዙ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አዋቂም ናቸው፤ ለሕፃን እንዳለ አይወሰድም። «ደግሞ ከያዘህ ደካማ ነህ» የሚለውን ለማፍረስ ግን ይበቃል።

ዋናው ጉዳይ መከላከያው የት ቦታ ነው የሚለው ነው። አፍንጫን የሚጠብቀው አይጂኤ የተባለው አንቲቦዲ (ሰውነት ተህዋስን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን) ከአርኤስቪ በኋላ ቶሎ ይመናመናል። በደም የሚዞረው አይጂጂ ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅመው ሳንባን ነው። ስለዚህ ቫይረሱ በአፍንጫ እንደገና ይገባል፤ ወደ ሳንባ ለመውረድ ግን ይከብደዋል። ባለፈው ዓመት ኦክስጅን ያስፈለገው ልጅ ዘንድሮ በንፍጥና በሳል ብቻ ካለፈለት፣ መከላከያው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። አስተያየት ሰጪው የድካም ምልክት ያለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሰውነት የመከላከል ምላሽ በበረታ ቁጥር ልጁ ይሻለዋል የሚለው ነው። ይህን ለወላጆች የማስረዳው በሠፈር ኡኡታ ነው። ሌባ የገባበት ቤት ሲጮኽ ጎረቤቱ ዱላውን እየያዘ ይሮጣል። ቫይረስ የገባባት ሴል የምታሰማው ጩኸት ኢንተርፌሮን ይባላል። አርኤስቪ ግን ኤንኤስ1 እና ኤንኤስ2 በሚባሉ ፕሮቲኖቹ አፏን ያፍናታል፤ ኡኡታው የሚሰማው ሌባው ብዙ ቤት ካዳረሰ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ጂ የተባለውን ፕሮቲኑን በየአካባቢው ይበትናል። ቀድመው የደረሱት ሌባውን ትተው የጣለውን ጋቢ ይዘው ይታገላሉ። በመጨረሻ ሠፈሩ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ይመጣል፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው። የሕፃን ሳንባ ጫፍ ላይ ያሉት የአየር ቧንቧዎች ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፣ ግድግዳው ያብጣል፣ አክታና የሞቱ ሴሎች ይከመራሉ፤ መተላለፊያውን ከሌባው ይልቅ ለእርዳታ የመጣው ሕዝብ ይዘጋዋል።

ብሮንኪዮላይትስ የምንለው ይህን ነው። የሁለት ወር ሕፃን ጡት ይይዝና ሁለቴ ስቦ ይለቃል፤ መተንፈስና መጥባት አብረው አልሆኑለትም። አፍንጫው ይከፈት ይዘጋል፣ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ምሳሌዬ ግን ሁሉን አይሸፍንም። ቫይረሱ ራሱም ሴሎችን ይገድላል፤ ከጉዳቱ የቫይረሱ ድርሻ ስንት፣ የምላሹ ስንት የሚለው አሁንም ያከራክረናል። ብዙ የምናውቀውም ከአይጥ ነው፣ በአይጥ ሳንባ ደግሞ አርኤስቪ በደንብ አይራባም።

የምላሹ ዓይነት ከብዛቱ እንደሚበልጥ ያስተማረን ግን የሕፃናት ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል ከተገደለ የአርኤስቪ ቫይረስ የተሠራ ክትባት ለሕፃናት ተሰጠ። ሰውነታቸው አንቲቦዲ አመረተ። ቫይረሱ ሲመጣ ግን በአንደኛው ሙከራ ከተከተቡትና ከተያዙት 80 በመቶው ሆስፒታል ገቡ፤ ካልተከተቡት 5 በመቶ ብቻ። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። አንቲቦዲው ቫይረሱን ይነካዋል እንጂ አያስቆመውም ነበር፤ የተቀሰቀሰው ምላሽም ሳንባውን ይበልጥ አቆሰለ። በዚህ የተነሳ የክትባቱ ምርምር ለአሥርተ ዓመታት ወደ ኋላ ቀረ። «አጠንክሩ» የሚል ሰው ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል።

መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ኤፍ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ከሴል ጋር ከመዋሃዱ በፊት ያለውን ቅርጽ አሳዩ፤ ቫይረሱን የሚያስቆሙት ብርቱ አንቲቦዲዎች በብዛት የሚይዙት ይህን ቅርጽ ነው። በዚሁ ግኝት ላይ ተመሥርቶ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ክትባት ተሠራ፤ በ2023 አሜሪካ ፈቀደችው፣ በመጋቢት 2025 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ቅድመ ብቃቱን አረጋገጠለት። እናት ትከተባለች፣ አይጂጂው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል። ይህ መሻገር የሚበረታው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ስለሆነ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ የእናቱ ድርሻ ሳይደርሰው ይወጣል። ኒርሴቪማብ የተባለው መርፌ ደግሞ የተዘጋጀ አንቲቦዲ በቀጥታ ለሕፃኑ ይሰጣል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የልጁን ኢሚዩኒቲ ቅንጣት አያጠነክሩም። ትክክለኛውን አንቲቦዲ ከቫይረሱ ቀድመው ያደርሱለታል እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉት በአርኤስቪ ምክንያት እንደሞቱ ይገመታል፤ ከ97 በመቶ በላዩ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። በየዓመቱ ከሚታመም ልጅ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጤና ተቋም ዘግይቶ የሚደርስ ልጅ ነው።

በእውነት የመከላከል ጉድለት ያለባቸው ልጆች አሉ። በባክቴሪያ የሚመጣ ከባድ የሳንባ ምች የሚደጋግመው፣ ክብደት አልጨምር ያለው፣ የአፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ አልለቅ ያለው ልጅ በሐኪም ይመርመር። ለአርኤስቪ ግን አንቲባዮቲክ አይሠራም፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማርም አይሰጥ። አፍንጫውን በጨው ውኃ አጽዱለት፣ ጡት ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ እየተቋረጠ ከሄደ ወይም ደረቱ ከተሰረጎደ ሌሊትም ቢሆን ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱት።