ማህሙድ ዳርዊሽ፦ የፍልስጤሙ ገጣሚ ህይወትና ስራ

ማህሙድ ዳርዊሽ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው "መዝግብ፣ አረብ ነኝ" የምትለዋ ግጥም ናት፣ የሚገርመው ግን ሰውዬው ራሱ ኋላ ላይ ይቺን ግጥም አንብብልን ሲሉት እምቢ ይል ነበር። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

የተወለደው በፈረንጆች ማርች 13፣ 1941 ገሊላ ውስጥ አካ ከተማ አጠገብ ባለችው አል ቢርዋ በምትባል መንደር ነው። በ1948ቱ ጦርነት ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሸሸ፣ አመት ገደማ ቆይተው በድብቅ ድንበር ተሻግረው ሲመለሱ መንደሯ የለችም፣ ፈርሳለች። የእስራኤል የህዝብ ቆጠራ ስላለፋቸው በህግ የተሰጣቸው ስም "ያሉ ግን የሌሉ" አይነት ነገር ነው፣ አገርህ ላይ ቆመህ የለህም ትባላለህ ማለት ነው። በ2006 ያሳተመው የስድ ንባብ መጽሐፉ ርዕስ ሳይቀር መኖርንና አለመኖርን አንድ ላይ ነው የሚጠራው፣ ነገሩ እስከመጨረሻው አልለቀቀውም።

ገና ልጅ እያለ ትምህርት ቤት የእስራኤል ነጻነት ሲከበር ግጥም አንብብ ተባለ። ለአንድ አይሁዳዊ ልጅ የተጻፈ አይነት ነበር፣ አንተ ቤት አለህ እኔ የለኝም፣ አንተ በአል አለህ እኔ የለኝም የሚል። በማግስቱ የእስራኤል ወታደራዊ ገዥ አስጠርቶ ተሳደበና እንዲህ መጻፍ ከቀጠልክ አባትህ ድንጋይ ካባው ላይ መስራቱን አስቆመዋለሁ አለው። ግጥም እንዲህ የሚያስፈራ ነገር ነው እንዴ ብሎ ያኔ ነው የገባው።

ሀይፋ ሆኖ ለእስራኤል ኮሚኒስት ፓርቲ ጋዜጦች ሰራ፣ ደጋግሞ ታሰረ፣ የቁም እስርም ደረሰበት። የእናቱ ዳቦና ቡና የናፈቀበትን ግጥም የጻፈው እስር ቤት ነው፣ ሊባኖሳዊው ማርሴል ኸሊፌ በዜማ ሲጫወተው ደግሞ የአረብ እናቶች ሁሉ ግጥም ሆነ። "መታወቂያ"፣ ያቺ "መዝግብ፣ አረብ ነኝ" የምትለዋ ግጥም፣ በ1964 ነው የወጣው፣ ለእስራኤል ባለስልጣን የተመለሰ መልስ ነው፣ ቁጥሬ ይሄ፣ ልጆቼ ስምንት፣ ዘጠነኛው መንገድ ላይ፣ ምን አናደደህ? እና ቤይሩት አዳራሽ ሙሉ አረብ "አረብ ነኝ በልልን" ሲለው ትርጉም አጣበት፣ አረብን አረብ ነኝ ማለት ምን ይባላል። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ ከሱ ጋር ነኝ።

በ1970 ለትምህርት ሞስኮ ሄደ፣ ከዚያ ካይሮ፣ ከዚያ ቤይሩት፣ ፒኤልኦን (የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅትን) ሲቀላቀል እስራኤል እንዳይመለስ ከለከለችው። በ1981 "አል ካርመል" የሚባለውን የስነጽሁፍ መጽሄት መሰረተ። በቀጣዩ አመት እስራኤል ቤይሩትን ስትከብ እዛው ነበር፣ ስለዛ ከበባ አንድ የኦገስት ቀን የጻፈው መጽሐፍ ለኔ ከስራዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ቦንብ እየዘነበ ሰውዬው የሚያስበው ስለ ቡና ነው፣ ወጥ ቤቱ መስኮቱ ወደ ባህር ስለሆነ ተኩሱ ይደርሳል፣ ቡና ለማፍላት ብቻ የአምስት ደቂቃ ተኩስ አቁም ይመኛል፣ ከዛ ውሃውን፣ ማንኪያውን፣ አረፋው ሲነሳ ከእሳት ማውረዱን አንድ በአንድ ይተርካል። ቡና ሳይጠጣ ቀኑ የማይጀምርለት ሰው ይገባዋል።

በ1988 አልጀርስ ላይ የታወጀውን የፍልስጤም ነጻነት መግለጫ የጻፈው እሱ ነው፣ በ1993 ግን ፒኤልኦ ከእስራኤል ጋር የተፈራረመውን የኦስሎ ስምምነት ተቃውሞ ከፒኤልኦ ስራ አስፈጻሚ ለቀቀ። እብራይስጥ አሳምሮ ያውቅ ነበር፣ ስፔናዊውን ገጣሚ ሎርካን እንኳን መጀመሪያ ያነበበው በእብራይስጥ ነው። በ2000 የእስራኤል ትምህርት ሚኒስትር ዮሲ ሳሪድ ግጥሞቹ በትምህርት ቤት ይሰጡ ሲል መንግስት ሊናጋ ደረሰ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባራክ አገሩ ገና አልደረሰበትም ብሎ ዘጋው።

ከ1996 ጀምሮ ራማላና አማን እየተመላለሰ ኖረ። ልቡ ታማሚ ነበር፣ በ1998ቱ ኦፕራሲዮን ከሞት ጋር ከተፋጠጠ በኋላ "ጂዳሪያ" የሚለውን ረጅም ግጥም ጻፈ፣ እዛ ላይ ሞትን ትንሽ ጠብቀኝ እያለ እንደ እንግዳ ያናግረዋል። ኦገስት 9፣ 2008 ቴክሳስ ሂውስተን ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ በ67 አመቱ አረፈ። የሶስት ቀን ሀዘን ታውጆ የተቀበረው ራማላ ኮረብታ ላይ፣ ከባህል አዳራሹ አጠገብ ነው፣ ከወር ምናምን በፊት ግጥም ያነበበበት አዳራሽ። አል ቢርዋ ወዲያ ማዶ እስራኤል ውስጥ ነች፣ መሬቷ ላይ አሂሁድና ያስኡር የሚባሉ የአይሁድ መንደሮች ሰፍረዋል።