ከመስመር ውጭ ባለ ቤት ጄኔሬተርና ኢንቨርተርን ማገናኘት

ከመስመር ውጭ የኃይል ሥርዓት የሚባለው ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ሳይገናኝ ለአንድ ቤት፣ ለሎጅ፣ ለእርሻ ቦታ ወይም ለጤና ኬላ ኃይል የሚሰጥ ሥርዓት ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየው ሶላር ፓኔል፣ ባትሪ፣ ኢንቨርተርና ጄኔሬተር ያለው ነው። ፓኔሉ ቀን ቀን ባትሪውን ይሞላል። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጅረት) ወደ 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ኤሲ (እየተመላለሰ የሚሄድ ጅረት) ይለውጣል። ጄኔሬተሩ ደግሞ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ደመናው ሰማዩን ሲሸፍነው ይነሳል። ስለ ፓኔልና ባትሪ በአማርኛ ትንሽም ቢሆን ተጽፏል። ጄኔሬተሩ ከኢንቨርተሩ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ግን የተጻፈ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ እዚህ ሰፋ ተደርጎ ቀርቧል።

ታሪክ

ኤሌክትሪክ ኢትዮጵያ የገባው ራሱ ያለ መስመር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዐፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ያበራው ጄኔሬተር ነበር። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። ሥራ ስለጀመረበት ጊዜ ግን አንድ ስምምነት የለም፤ 1932 እ.ኤ.አ. የሚሉ አሉ፣ ወደ ጣሊያን ወረራ ዘመን የሚገፉትም አሉ።

በ1956 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚጠቀምበት “መብራት ኃይል” የሚለው ስም የመጣው ከእሱ ነው። ተቋሙ ሁለት ዓይነት ሥርዓት ነበረው። አንደኛው በግድቦች የሚመገበው የተሳሰረ መስመር ነው። ሁለተኛው በየከተማው ለብቻው የቆመ የናፍጣ ጣቢያ ነው። መስመር ያልደረሰባቸው ብዙ ከተሞች በእነዚህ ጣቢያዎች ኖረዋል። መብራቱ በአብዛኛው የሚመጣው ማታ፣ ለተወሰኑ ሰዓታት ነበር። የጣቢያ ባለሙያዎቹ የመለዋወጫ እጥረትና የክረምት መንገድ ሳይበግራቸው ሞተሮቹን እየፈቱና እየገጠሙ ለዓመታት አቆይተዋቸዋል። በጄኔሬተር ሥራ ያለን የአገር ውስጥ እውቀት ትልቁ ድርሻ የእነሱ ነው ማለት ይቻላል።

ሶላር የገባው ዘግይቶ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ኢትዮጵያ በምትገኘው በሚቶ መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ሥርዓት ተተከለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ 30 ኪሎዋት አደገ። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ አቅዶ ነበር።

አያያዙ

ዋናው ደንብ አንድ ነው። የጄኔሬተሩ መውጫና የኢንቨርተሩ መውጫ በፍጹም አይገናኙም። ሁለቱም የየራሳቸውን ሞገድ ይሠራሉ። ሞገዶቹ ካልገጠሙ በመካከላቸው ከፍተኛ ጅረት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቃጠለው ኢንቨርተሩ ነው።

ቻርጀር አብሮት ያለ ኢንቨርተር ከሆነ አያያዙ ቀላል ነው። ከጄኔሬተሩ የሚመጣው ገመድ በብሬከር አልፎ “ኤሲ ኢን” የሚል ምልክት ወዳለበት የኢንቨርተሩ መግቢያ ይገባል። ቤቱ የሚመገበው ከ“ኤሲ አውት” ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ኢንቨርተሩ መጀመሪያ ቮልቴጁንና ፍሪኩዌንሲውን (ሞገዱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ በኸርትዝ) ይለካል። ከተስማማው ውስጡ ያለው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) መስመሩን ያገናኛል። ከዚያ በኋላ የጄኔሬተሩ ኃይል ወደ ቤቱ እያለፈ ባትሪውንም ይሞላል። ቅያሬው ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድ ኮምፒውተር እንኳ ላይጠፋ ይችላል።

መግቢያ የሌለው ኢንቨርተር ከሆነ በእጅ የሚዞር ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከአንዱ የኃይል ምንጭ ወደ ሌላው የሚያዞር ማብሪያ) ያስፈልጋል። ቼንጅ ኦቨሩ በአንድ በኩል ጄኔሬተር፣ በሌላው በኩል ኢንቨርተር፣ መሐሉ ላይ ዜሮ ያለው መሆን አለበት። ባትሪውን ለመሙላት ለብቻው ቻርጀር ይገዛል። ቼንጅ ኦቨሩ ፌዙንም (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (የሚመልሰውን ሽቦ) አንድ ላይ የሚቆርጥ ቢሆን ይመረጣል። አንዳንድ ባለሙያዎች ፌዙ ብቻ መቆረጡ ይበቃል ይላሉ። በሁለቱም ጫፍ ወንድ ፕለግ ያለው ገመድ ሠርቶ ጄኔሬተሩን በግድግዳ ሶኬት ማስገባት ግን በፍጹም አይደረግም፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። አንዱ ጫፍ ሶኬቱ ውስጥ እያለ የሌላው ጫፍ ብረት 220 ቮልት ተሸክሞ እጅ ላይ ነው። ሰው ይገድላል።

“ኢንቨርተሩ ጄኔሬተሩን አልቀበልም አለ” የሚለው ቅሬታ በሥራው ላይ በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፍሪኩዌንሲ ነው። ትናንሽ ጄኔሬተሮች ጭነት ሲመጣባቸው እንዳይወርዱ ባዶአቸውን 52 ወይም 53 ኸርትዝ ላይ ይስተካከላሉ። በዚህ ሰዓት የኢንቨርተሩን ስክሪን ቢያዩ የመግቢያው ቁጥር ሲወጣና ሲወርድ ይታያል፣ ሪሌውም ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ሁለት ዓይነት የመግቢያ ወሰን አላቸው። ጠባቡ ከ170 እስከ 280 ቮልት፣ ሰፊው ከ90 እስከ 280 ቮልት ነው። ምክንያቱ የቮልቴጅ መዋዠቅ ከሆነ ወደ ሰፊው መቀየር አንዳንዴ ችግሩን ይፈታል፤ ቤቱ ውስጥ ስስ ዕቃ ካለ ግን የሞተሩን ፍጥነት ማስተካከል ይሻላል። 50 ኸርትዝ ማለት ባለ ሁለት ፖል (የማግኔት ጫፍ) ጄኔሬተር ላይ በደቂቃ 3000 ዙር፣ ባለ አራት ፖል ላይ 1500 ዙር ነው።

ከፍታና የቻርጅ መጠን

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች በአብዛኛው የሚጻፉት ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ለእኛ ደጋ እንዳሉ አይሠሩም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ ከ3 እስከ 4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ከሩብ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነች ጉዳቱ ይብሳል።

በምሳሌ እንየው። ሰሌዳው ላይ 5 ኬቪኤ የተጻፈበት ጄኔሬተር በ0.8 ፓወር ፋክተር (ከኬቪኤው ምን ያህሉ ለሥራ እንደሚውል የሚያሳይ ቁጥር) 4 ኪሎዋት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 2.8 ኪሎዋት ገደማ ይወርዳል። ኢንቨርተሩ ደግሞ ባለ 48 ቮልት ባትሪ በ60 አምፒር እንዲሞላ ተደርጎ ነበር እንበል። ቻርጁ ብቻውን፣ ብክነቱ ሲታሰብ፣ ወደ 3.6 ኪሎዋት ይጠይቃል። ጄኔሬተሩ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይጠፋል። ባለቤቱ “ፌክ ዕቃ ሸጡልኝ” ብሎ ይናደዳል። ዕቃው ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የቻርጅ ጅረቱ ወደ 30 አምፒር ሲወርድ 1.8 ኪሎዋት ያህል ይበቃዋል፤ ቀሪው 1 ኪሎዋት ለቤቱ ይተርፋል። ይህን ሒሳብ ሳያስተካክል ሥራውን የሚያስረክብ ሰው ሥራውን ጨርሷል ማለት አይቻልም።

ኧርዝ

ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተሮች ብዙ ጊዜ ኒውትራላቸው ከአካላቸው ጋር አልተያያዘም። ኒውትራልና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) አንድ ቦታ ላይ ካልተያያዙ ደግሞ አርሲዲ የሚባለው፣ ጅረት ሲያመልጥ የሚቆርጠው ብሬከር ጅረት በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ሲፈስ ላይቆርጥ ይችላል። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት አንድ ማያያዣ መኖር አለበት፤ ሁለት ሲሆን ግን ብሬከሩ ያለምክንያት ይወርዳል። ጥሩ ኢንቨርተሮች በባትሪ ሲሠሩ በውስጣቸው ያያይዛሉ፣ ጄኔሬተር ሲመጣ ይለቃሉ። ያኔ ማያያዣው ጄኔሬተሩ ጋ መገኘት አለበት። ርካሾቹ ይህን ያደርጉ አያደርጉ በቴስተር መለካት እንጂ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማመን አይገባም።

የኧርዝ ዘንግ በድንጋያማ መሬት አስቸጋሪ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ጨው ለጊዜው ይረዳል፣ ሆኖም ዝናብ ያጥበዋል፣ መዳቡንም ይበላል።

የባትሪው በኩል

3 ኪሎዋት በ24 ቮልት 125 አምፒር፣ በ48 ቮልት 63 አምፒር ገደማ ነው። ለዚህ ነው ባለ 48 ቮልቱ በቀጭን ኬብል የሚሠራው። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይቀመጣል። የኤሲ ብሬከር ለዲሲ አያገለግልም፤ ዲሲ እንደ ኤሲ በየጊዜው በዜሮ ስለማያልፍ ብልጭታው በቀላሉ አይጠፋም። ሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል። ሊቲየም ከዚያ በላይ ይችላል።

አጠቃቀም

ጄኔሬተሩ ከቤት ውጭ፣ ጭሱ ወደ መስኮት በማይዞርበት ቦታ ይቀመጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የናፍጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ከሠራ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል፤ አምፖል ለማብራት ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ማስነሳት ለሞተሩም ለኪስም ጉዳት ነው። በክረምት የሚሻለው ሰዓት ማለዳ ነው። ባትሪው ባዶ ስለሆነ የተፈቀደለትን ጅረት ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። ወደ 80 በመቶ ሲደርስ ሊድ አሲድ የሚቀበለው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ያኔ ጄኔሬተሩ ይጠፋና የቀረውን ፓኔሉ በቀን ብርሃን ይሞላዋል።