መሬት የሚንቀጠቀጠው በኤሌክትሪክ ነው?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ «መንቀጥቀጡን የሚያመጣው የመሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ሐሳቡን ዝም ብሎ ከመሬት አላነሳውም። በድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ፈረንሳውያኑ የፊዚክስ ሊቃውንት የኪዩሪ ወንድማማቾች ይህን በ1880 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ቀጭ ሲደረግ የሚፈነጥቀው ላይተርም የሚሠራው በዚሁ ነው። በአንዳንድ መንቀጥቀጦች ወቅት ሰዎች ብርሃን ማየታቸውም ተመዝግቧል።

ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ድንጋዩ ይጨመቃል፤ ኤሌክትሪኩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ወሎ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። መሬቱ በየዓመቱ በሚሊሜትር እየተላቀቀ ውጥረት ያጠራቅማል፣ አንድ ቀን በድንገት ይሰነጠቃል። በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የማጀቴን ከተማ ያፈራረሰው የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥም የመጣው እንዲሁ ነው። ስለዚህ መብረቅ በበዛበት ክረምት «መሬቱ ሊናወጥ ነው» ብላችሁ አትስጉ።