ጢስን በልክ፦ የሕክምና ካናቢስ አዳዲስ መውሰጃዎችና የጎጃም የመታጠን ባህል

ጎጃም ውስጥ ጢስ የማይገባበት ቤት የለም። የጠላ ጋን በጥንጁትና በወይራ ይታጠናል። ጉንፋን የያዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ እንፋሎቱን ይስባል። ጥርሱን ያመመው ሰው የአስተናግር ወይም የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጥሎ አፉን ከፍቶ ይታጠናል፤ «የጥርሱ ትል» ይወጣለታል ተብሎ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅም ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር የሚያስጠጋ አይጠፋም፤ ይህኛው ጥቅም የሌለው ብቻ ሳይሆን ፊቱን ሊያቃጥለው የሚችል ልማድ ነው።

ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት በውጭ አገር የሕክምና ካናቢስን ለመውሰድ የተሠሩት መሣሪያዎች ጎጃም አልደረሱም፣ በሕግም ሊገቡ አይችሉም። ሊመልሱት የተነሡበት ጥያቄ ግን ለጎጃም ባለመድኃኒት እንግዳ አይደለም፦ አንድ ዕፅ የሚያድነው ስንት ሲሆን ነው? የሚጎዳውስ ከስንት ጀምሮ?

ኮሶ፣ አብሾና ልክ ማጣት

የሀገር መድኃኒት የሚለካው በቁንጥር፣ በጭብጥ፣ በስኒ ነው። ለዚህ ከኮሶ የተሻለ ምስክር የለም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ድሮ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር፤ የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለው አበባ ተወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ይወሰዳል። ያን ቀን ሰውየው ከቤት አይወጣም። መጠኑ ካነሰ የኮሶ ትሉ ራስ ውስጥ ይቀርና እንደገና ያድጋል፤ ከበዛ ደግሞ ያስታውካል፣ ይጥላል፣ ዓይን እስከማጥፋት የደረሰበት ጊዜም አለ። ይኸው አበባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ገብቶ በመድኃኒት መዝገቦቻቸው በክብደት ተለክቶ ተጻፈ። ዛፉ የኛ ነበር፤ ሚዛኑ ከዚያ መጣ።

አብሾ ከዚህም ይብሳል። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ከነዋሸራ ጀምሮ በየጉባኤ ቤቱ ትምህርት እንዲገባቸው ብለው አብሾ ስለጠጡ ተማሪዎች ብዙ ይወራል። መድኃኒቱ ከአስተናግር እንደሚዘጋጅ ይነገራል። አንዳንዱ «ተገለጠለት» ይባላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጨርቁን ጥሎ ይሄዳል። ዛሬም መጠጥ ሲቀምስ የሚነሣበትን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። አስተናግር ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ከዛፍ ዛፍ፣ ከቅጠል ፍሬ፣ ከክረምት በጋ መጠናቸው ስለሚለያይ፣ አምና ያዳነው ቁንጥር ዘንድሮ ሊያሳብድ ይችላል።

ስም ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አስተናግር ሌላ ስሙ ዕፀ ፋርስ ነው። በከተማና በፖሊስ ቋንቋ ግን ዕፀ ፋርስ የሚባለው ካናቢስ ነው። ሁለቱ ዕፅዋት በዘር አይገናኙም፣ በሰውነት ላይ የሚሠሩትም የተለያየ ነው። በአማርኛ ስለ «ዕፀ ፋርስ መድኃኒትነት» የተጻፈ ነገር ሲያጋጥም የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ ማመን አደገኛ ነው፤ ከሁለቱ ቶሎ የሚገድለው አስተናግር ነውና።

ጣና ማዶ የተገኙት ጋያዎች

ካናቢስ ለአካባቢው ከነጭራሹ አዲስ አይደለም። ከጣና በስተምሥራቅ፣ በጥንቱ በጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ (ከላስታው ላሊበላ ጋር አይምታታ) በቁፋሮ ሁለት የሸክላ ጋያ ራሶች ወጥተዋል። ተመራማሪው ኒኮላስ ቫን ደር ሜርወ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የኬሚካል ምርመራ ውስጣቸው የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ዘመናቸው እ.ኤ.አ. ወደ 1320 ግድም ይቆጠራል፤ ትምባሆ ከአሜሪካ ወደዚህኛው ዓለም ከመሻገሩ በፊት ማለት ነው። ያጨሰው ማን እንደነበር፣ ለመድኃኒት ይሁን ለሌላ፣ ጋያው አይናገርም።

ሳይነድ ማትነን

ካናቢስን በጢስ የመውሰድ ችግሩ ሁለት ነው። ቅጠሉ ሲነድ ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመጣል፤ በዚያ ላይ አንዱ ሰው በረጅሙ ስቦ ይይዛል፣ ሌላው ወዲያው ያወጣል። ዋናው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ በራፋኤል ሜቹላምና በየሂኤል ጋኦኒ ተነጥሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጥሬው ተክል ውስጥ ግን በአሲድ መልክ ስለሚገኝ ሙቀት ካልነካው አይሠራም። ታዲያ ሙቀቱን እየሰጡ እሳቱን ማስቀረት የመሐንዲሶች ሥራ ሆነ።

መልሱ ማትነኛ ነው። ቅጠሉ ከሚነድበት በታች፣ ከ180 እስከ 210 ዲግሪ ሴልሲየስ ግድም በሞቀ አየር ሲመታ ንጥረ ነገሩ ተንኖ ይወጣል፣ ገለባው ሳይቃጠል ይቀራል። ቱትሊንገን በተባለች የጀርመን ከተማ የሚሠራው «ቮልካኖ» ተኑን በፊኛ ሞልቶ የሚያቀብል ሲሆን፣ ለሕክምና ብቻ የተፈቀደ ዓይነትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ18 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በማትነኛው የወሰዱት ደም ውስጥ ያገኙት ቲኤችሲ ካጨሱት ጋር ተቀራራቢ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን በጣም ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የጠላ ጋን የሚያጥን ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል፦ እሳቱ ነበልባል ሲያነሣ ጋኑ ይጠቁራል፣ ጠላው ይመራል።

ማትነኛው ጢሱን አስቀረ እንጂ ልክ አላመጣም። ልኩን ያመጣው የእስራኤሉ «ሳይክ» መሣሪያ ነው። በካርትሪጅ የተከፋፈለና አስቀድሞ የተመዘነ የተክል ደቃቅ ይዞ፣ የታማሚውን አተነፋፈስ እየተከታተለ ያሞቃል። አንድ ጊዜ ሲሳብ 0.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ እንዲሰጥ ሆኖ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው 27 ታማሚዎች ላይ 0.5ም ሆነ 1 ሚሊግራም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ መሣሪያ በተሻለ ሕመም አስታግሷል። ሰው በአንድ ሲጋራ ከሚስበው ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገሩም እዚያ ላይ ነው።

በአፍ የሚወሰደው የራሱ ጣጣ አለው። በሆድ ያለፈ ቲኤችሲ ጉበት ስለሚለውጠው ደም የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ ለመሥራትም አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። «አልያዘኝም» ብሎ የደገመ ሰው ሁለቱ አንድ ላይ ይመጡበታል። ይህን ለመሸሽ «ሳቲቬክስ» ምላስ ሥርና ጉንጭ ውስጥ የሚረጭ ሆኖ ተሠራ፤ አንዱ ርጭት 2.7 ሚሊግራም ቲኤችሲና 2.5 ሚሊግራም ሲቢዲ (ሌላው የካናቢስ ንጥረ ነገር) ይይዛል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ብሪታንያ በ2010 ፈቅደውታል፤ ብሪታንያ የፈቀደችው መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ለሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር ነው። «ኤፒዲዮሌክስ» ደግሞ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሲቢዲ ብቻ የያዘ ሽሮፕ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ለሁለት ብርቱ የልጅነት የሚጥል በሽታዎች ፈቀደችው፤ በልጁ ክብደት ተሰልቶ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ይሰጣል። የቆዳ ልጥፍና ምላስ ላይ የሚሟሟ ስስ ወረቀትም እየተሞከሩ ናቸው።

አዲስ መሣሪያ ሁሉ ደህና አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገብተዋል፣ 68 ሞተዋል። በዋናነት የተወነጀለው ከመንገድ በተገዛ የቲኤችሲ ዘይት ውስጥ የተቀላቀለ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር። ለቆዳ የማይጎዳ ነገር ሳንባ ሲገባ ሌላ ነው።

ሕጉ

የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020፣ በ27 ድምፅ ለ25፣ ካናቢስን እ.ኤ.አ. ከ1961ዱ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት እጅግ ጥብቅ ሰንጠረዥ አውጥቶታል፤ ከቁጥጥር ግን አላወጣውም። ከአፍሪካ ለሕክምና ለማምረት ቀድማ ፈቃድ የሰጠችው ሌሶቶ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2017። በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ማምረትንም፣ ማዘዋወርንም፣ መጠቀምንም ይቀጣል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ያለ ሐኪም የሚያዝዘው የካናቢስ መድኃኒት የለም።

ፓፍ

ከጢስ ወደ ልክ የተሄደበት መንገድ ግን ጎጃም ውስጥ በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ይታያል። አውሮፓውያን አስተናግርን ለአስም በሲጋራ መልክ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያጨሱት ነበር፤ ልክ አልነበረውም፣ የሚያሳብደውም ነበር። ከአትሮፒን ተሻሽሎ የተሠራው ኢፕራትሮፒየም ዛሬ በተለካ ርጭት ይሳባል። ልክ ያለው የአስም መርጫ ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። እኛ «ፓፍ» የምንለው የሳልቡታሞል መርጫ የዚያ ልጅ ነው፤ አንዱ ርጭት 100 ማይክሮግራም ነው።

እሱም ቢሆን አሳሳቡ ካልታወቀ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ሲረጩና ሲስቡ እኩል መግጠም አለበት። ለሕፃን ደግሞ ይህ አይሆንም። ስለዚህ ነርሷ ባዶ ሃይላንድ ታመጣለች፤ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ትበሳና መርጫውን ትሰካበታለች፣ የጠርሙሱን አፍ ለልጁ አፍ ታስጠጋለች። አንድ ጊዜ ትረጭና «በል ተንፍስ» ትለዋለች፤ አምስት ስድስት ጊዜ እስኪተነፍስ ትጠብቃለች።